አንሙት የዘለላት ድምፅ

ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነበር፤ ወሩ ግንቦት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ዝናቡ የዘገየ። የአያ ፈንቴ ልጅ አንሙት በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተቀብሮ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ጠዋት ሲነሱ ሣጥኑ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። አፈር አልነካውም። መቃብሩም እንደተደፈነ ነው።

መንደሩ በዚህ ብዙ አላወራም። ሰውን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ዓይኑ ደርቆ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣውም። እናቱ አበዙ ሦስት ቀን ሙሉ ጮኸች፤ ጉንጯ ግን አልረጠበም።

በአገሩ ልማድ የሟች ዕቃ ለቅሶው መሀል ይዘረጋል፤ አልቃሿ አንድ በአንድ እያነሳች ታወድስበታለች። አያ ፈንቴ ያወጣው ሞፈር፣ ቀንበርና ጅራፍ ነበር። አልቃሿ ዘሪቱ ሞፈሩን አነሳች፤ አገላብጣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

«አያ ፈንቴ፣ ይሄ ያንተ ነው። ላንተ ላልቅስልህ?»

«የገበሬ ልጅ ነው» አለ።

አንሙት ከቤት ከወጣ ግን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሳንባውን ታሞ እስኪሞት ድረስ አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ጃዝ በጊታር ይጫወት ነበር፤ አስከሬኑም የመጣው ከዚያ ነው። አባቱ ልጁ አዝማሪ ሆነ እንዳይባል ለሰው ሁሉ «ሥራ ይዟል» ብቻ ይል ነበር።

በአራተኛው ቀን ሳህሌ የሚባል፣ ከአንሙት ጋር ሳክስፎን ይነፋ የነበረ ሰው በአውቶቡስ መጣ። ሁለት ጊታርና በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ይዟል። አንደኛው ጊታር ቀይና የሚያብረቀርቅ ነው። ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ አንገቱ ተሰብሮ በጠፍር ተጠፍንጓል። ሳህሌ እንደተናገረው አንሙት ቀዩን የሚይዘው መድረክ ላይ ነበር፤ ካሴት ሲቀዳ ግን ከአሮጌው ሌላ አይነካም። የቀዩ ድምፅ ያምራል፣ የዚህ ግን ያምነኛል ይል ነበር አሉ።

አያ ፈንቴ ጠፍሩን አወቀው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጊታሩን አውድማ ድንጋይ ላይ የሰበረው እሱ ነው። በማግስቱ ልጁ አልነበረም፤ ከቀንበሩም ጠፍር ተቆርጦ ነበር። ያን ጊዜ ጠፍሩን ውሻ በላው ብሎ ነበር።

ሳህሌ ካሴቱን ከፈተ። አያ ፈንቴ የሰው እርሻ እንደሚያይ ሆኖ አዳመጠ። ድምፁ እንደ ትልም ተከታትሎ ሄደ፤ አንዱ አንዱ ላይ አልወጣም። ጠንካራው ቦታ ሲደርስ አልጣደፈም፣ ለስላሳው ላይም አልተኛም። ጥሩ እጅ ነው። ከዚያ መሀል ላይ ባዶ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ያው ባዶ ተመልሶ መጣ።

«እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

«እዚያ ያለችውን ድምፅ ይዘላታል፣ አባባ። የአሮጌው አንገት የተሰበረው እሷ ላይ ስለሆነ አትጮህም። በቀዩም ሲጫወት ይዘላታል፤ ቀዩ ግን ምንም አልሆነም። ሙዚቀኞች የሚመጡት ለዚያች ዝምታ ብለው ነበር። ከየት አመጣሃት ስንለው ይስቃል እንጂ አይነግረንም።»

አያ ፈንቴ ተነሳ። ሞፈሩንና ቀንበሩን ወደ ጎተራው ጥግ መለሰ፤ አሮጌውን ጊታር ለቅሶው መሀል አስቀመጠ።

«ልጄ ጊታር መቺ ነበር» አለ። «የሰበርሁት እኔ ነኝ።»

ዘሪቱ ጊታሩን አነሳች። እንባ ከሁሉም ዓይን በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ከሳህሌም፣ ደጅ ከታሰሩት በሬዎችም። አበዙ ጉንጯን ጠርጋ መዳፏን ተመለከተች። የአያ ፈንቴ ዓይን ብቻ እንደደረቀ ቀረ።

አንሙትን ለሦስተኛ ጊዜ ቀበሩት፤ ጊታሩንም ከሣጥኑ ላይ አጋደሙለት። ጠዋት ደጃፉ ባዶ ነበር።

አያ ፈንቴ በሬዎቹን ጠምዶ ልጁ ከተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለውን ማሳ ማረስ ጀመረ። ጊታሩ ከአፈሩ ሥር ይጫወት ነበር። በሬዎቹ በድምፁ እየተመሩ ሄዱ። ዝምታዋ ስትደርስ ቆሙ። ጅራፉን አነሳ፤ ከዚያ አሰበና ትልሙ ውስጥ ጥሎ በእግሩ አፈር መለሰበት። እርፉን እንደያዘ ጊታሩ እስኪቀጥል ጠበቀ።

የዚያን ቀን ዝምታዋ ረዘመች። ፀሐይ ስትጠልቅ በሬዎቹም እሱም እንደቆሙ ነበሩ።