ለእትዬ ሥራነሽ ያልተመለሰ ጥያቄ

ነርስ የብርጓል የእትዬ ሥራነሽን የእግር ቁስል ስታጥብ ወሬ ማውራት ልማዷ ነበር። ቁስሉ ሲፋቅ ያማል፤ ሴትዮዋ ወሬ ከያዙ ግን ይረሱታል። ከይጁቤ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ጤና ጣቢያ ማን ምን ሆኖ እንደመጣ በጠየቋት ቁጥር ትመልስላቸዋለች።

"እንዳላማው ምን ሆኖ ነው?"

"ጥርሱን።"

"የአምሳሉ ሚስትስ?"

"ኮሶ ታይቷት ነው፣ ምንም አይደል።"

ክፋት አልነበረባትም። እንዲያው ከአፏ ይወጣል።

አንድ የነሐሴ ሐሙስ እትዬ ሥራነሽ በመስኮቱ አሻግረው አዩ።

"ያቺ የቄስ ቢተው ሚስት አመተ ማርያም አይደለችም? በግንቦትም አይቻት ነበር። ምን ይዟት ነው?"

የብርጓል እጇ ቆመ። "እሱን አልነግርዎትም።"

"ምነው? የሰውን ሁሉ ስትነግሪኝ ከርመሽ?"

"አልነግርዎትም አልኩ፣ እትዬ።"

ሴትዮዋ በመስኮቱ መልሰው አዩ። የብርጓል ያኔውኑ ገባት። የጥርሱንና የኮሶውን አውርታ ይኸን ስትደብቅ፣ ነገረቻቸው ማለት ነው። ያውም ያልሆነውን። አመተ ማርያም በሽታ የለባትም። ሰባት ወልዳለች፤ ስምንተኛውን ፈርታ፣ ከባሏ ተደብቃ በየሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋለች። ይኸው ነው። አገሩ ግን "የኤድስ መድኃኒት ነው የምትወስደው" ብሎ አደረ።

ከዚያ ወዲያ የብርጓል ለማንም ስለማንም አልናገር አለች።

"ያ ክንዱን የታሰረው ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?" ይሏታል እትዬ ሥራነሽ።

"አልነግርዎትም።"

"ተሰብሮ እያየሁት?"

"እያዩትም አልነግርዎትም።"

"ኤዲያ! አፍሽን ሰፉት እንዴ?"

ግን ምን ዋጋ አለው፣ የወጣው ወጥቷል።

ኅዳር ላይ አመተ ማርያም የመርፌዋ ቀን ደርሶ መጣች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ክንዷን ሰጠች። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ የሌላ ሰው ክንድ የያዘች ትመስላለች።

"ጥቅምት የማርያም ጽዋ እኔ ቤት ነበር" አለች። "ሁለት ጋን ጠላ ጠመቅሁ። ማኅበርተኞቹ መጡ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ጽዋውን ተሳልመው አስቀመጡት። አንዷ ሆዴን ቆርጦኛል አለች፤ አንዷ ጥማት የለኝም አለች። እትዬ ሥራነሽ ምክንያትም አላወሩ፣ ተነሥተው ሄዱ። ጠላውን ቄሱና የቆሎ ተማሪዎቹ ሲጠጡት ሰነበቱ።"

"ቄሱ ምን አሉ?"

"'ሰው ምን ነካው?' አሉ። እኔም ምን ነካው አልኩ።"

"ወሬው ከእኔ የመጣ ነው" አለች የብርጓል። "ደምሽን ልመርምርና ወረቀት ልስጥሽ። ብታሳያቸው..."

"'ታዲያ ለምን ትመላለሳለች?' ይላሉ። ቄሱም ይላሉ።"

"እኔው ራሴ በሽታ አይደለም ብዬ ብነግራቸውስ?"

"ታዲያ ምንድን ነው ልትዪ?"

የብርጓል ጥጥ በአልኮል ነከረች።

"ጽዋው ይቅርብኝ፣ ሲስተር። የሚያንገበግበኝ መስሎኝ ነበር፤ ሳየው ምንም አልተሰማኝ። ስምንተኛውን ግን አልችልም። ውጊኝ።"

ወጋቻት። አመተ ማርያም ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም። የብርጓል ቀጠሮዋን የካቲት ላይ ጽፋ ካርዱን ስትሰጣት፣

"አንቺው ጋ ይቀመጥ" ብላ ነጠላዋን መልሳ ወጣች።