የጀማሪ እጅ

ድንጋይ ጠራቢውን ሁሉም የሚጠራው «ውሃ ልክ» እያለ ነው። እሱ የጠረበው ላይ ውሃ ልክ ማስቀመጥ ድንጋዩን መስደብ ነው ይላሉ። ያን ቀን ጠዋት ግን ዋሻው ውስጥ ተንበርክኮ በገዛ ሥራው ያፍር ነበር።

ዋሻው መጀመሪያ የተፈለፈለው ለአንድ ባለጸጋ መቃብር ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ መነኩሴ ባዶውን አግኝቶ ኖረበት፤ ግድግዳው ላይ መስቀል ቀረጸ፣ አስከሬን ይጋደምበት የነበረውን መደብ መኝታው አደረገው። ውሃ ልክ የታዘዘው ስንጥቅ እንዲደፍን ብቻ ነበር። ትናንት የመደቡን ግርጌ ተንሻፎ ቢያገኘው ግን የሰነፍ ጥገና መሰለውና አንድ ስንዝር ያህሉን ጠርቦ አስተካከለው።

ዛሬ ባትሪውን ከጎን ሲያበራ ነገሩ ፍንትው አለ። የመቃብሩ ጠራቢ የመሮ ምት እንደተበጠረ ፀጉር ይወርዳል። ግርጌው ላይ ያለው ግን ሌላ እጅ ነው። መደቡ ለቁመቱ ቢያጥረው መነኩሴው ግድግዳውን እየፈለፈለ አስረዝሞታል። መጀመሪያ መሮው ይዘላል፣ ይስታል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ እየቀና ይሄዳል። ሰውየው እየሠራ ተምሯል። ውሃ ልክ የደመሰሰው የመጀመሪያውን ስንዝር ነው።

«ምን ታፈጣለህ? ዶክተሯ እኮ እየመጣች ነው!» አለ ካቦው፣ የታላቅ እህቱ ባል።

ውሃ ልክ ነገረው። ካቦው ራሱን ያዘ።

«አንተ ሰው፣ ጠማማ ባየህ ቁጥር እጅህን ይበላሃል? ሁለታችንንም ሊያባርሩን ነው! በል መልሰህ አጣመው። ላንተ ይቺ ምን አላት?»

ውሃ ልክ የወደቀ ስባሪ አንስቶ ሞከረ። መታው፤ ቀጥ ብሎ ወረደ። ዓይኑን ጨፍኖ መታው፤ አሁንም ቀጥ አለ። በግራ እጁ ሲመታው ተጣመመ፤ ግን ማስመሰሉ ከሩቅ ያስታውቃል።

«ዕድሜ ልክህን ስታበላሽ ብትኖር ኖሮ ዛሬ በዳንን!» አለ ካቦው።

ውሃ ልክ ሳይወድ ሳቀና መሮውን አስቀመጠ። «ጀማሪ እንዳይስት እየፈራ ነው የሚስተው። እኔ ያንን ፍርሃት አሁን ከየት አመጣለሁ?»

የቅርስ ባለሙያዋ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ውሃ ልክ ነገራት።

«ዶክተር፣ ይቺን ስንዝር የደመሰስኳት እኔ ነኝ። ካቦው አላዘዘኝም።»

ተንበርክካ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄ ተመልሶ አይመጣም» አለች በመጨረሻ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ መሮ አይነኩም። ስንጥቁን ሌላ ሰው ይደፍነዋል።»

ውሃ ልክ መሮና መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ለካቦው አስረከበና ወደ በሩ ተራመደ።

«የት ይሄዳሉ? ባትሪውን ያምጡ እንጂ! ገና ስድስት ዋሻ ይቀረናል። የማን እጅ የት ላይ እንደሚጀምር የሚያሳየኝ ማን ነው?»

ተመልሶ አበራላት። የመደቡን ንድፍ አውጥታ ጻፈች፦ አንደኛ እጅ፣ መቃብር ጠራቢው። ሁለተኛ እጅ፣ መነኩሴው። ከዚያ ብዕሯን አነሳች።

«ሦስተኛውንስ ምን ልበል?»

ውሃ ልክ ለጥ ያለችውን ስንዝር አየት አደረጋት።

«ሦስተኛ እጅ» አለ፤ «ትናንት።»