ግራ እጅዎን ያንሱ

የኤምአርአይ ምስሉ ስክሪኔ ላይ ሲወጣ ተናደድኩ። የልብ ፊተኛው ግድግዳ ሊታይ በሚገባው ቦታ ላይ ነጭ ፈሷል። ጥፋተኛዋ በማነሳቸው ታካሚ ግራ ደረት፣ ከቆዳቸው ሥር የተቀበረችው መሣሪያ ናት። የልብ ምት ሲሳሳት በኤሌክትሪክ መትታ ታስተካክላለች፤ ምስሉን ከሚያነሳው ማግኔት ጋር ግን ተስማምታ አታውቅም።

ሰውየው የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው፤ ጣሪያ ቀቢ ነበሩ። አሁን የልባቸው ደም ሥር ጠቧል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊተኛው ግድግዳ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል? ካለ ይከፍቷቸዋል። ከሞተ ወደ ቤታቸው ይሸኟቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ምስል ላይ ደህናው ሥጋ ጥቁር፣ የሞተው ነጭ ነው። ችግሩ መሣሪያዋም ነጭ መርጨቷ ነው።

መሣሪያ ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀውን ቅንብር ከፈትኩ። ነጩ ሳሳ እንጂ አልጠፋም። ትንፋሻቸውን ስበው እንዲይዙ አድርጌ ደገምኩ፤ ትንሽ ተሻለ። የሞተውን ሥጋ የሚያነጣው፣ በደም ሥራቸው የተሰጠው ማቅለሚያ ታጥቦ ሊወጣ ሃያ ደቂቃ ቢቀረው ነው። የቀረኝ ብልሃት አንድ ነበር። ግራ እጅ ወደ ጭንቅላት ሲነሳ መሣሪያዋ ትከሻውን ተከትላ ከልብ ትርቃለች።

«ጋሼ፣ ግራ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱልኝ» አልኩ በማይክሮፎኑ።

«አይሆንም።»

«ያምዎታል?»

«ተከልክያለሁ።»

አልጋውን ከማሽኑ ስቤ አወጣሁና አጠገባቸው ቆምኩ። መሣሪያዋ በገባችበት ዕለት ያስገባላቸው ሐኪም «እጅዎን ከትከሻዎ በላይ እንዳያነሱ፣ ወደ ልብ የሚሄደው ሽቦ ይነቀላል» ብሏቸዋል።

«ይኸው አራት ዓመት፣ አንድ ቀን አንስቼ አላውቅም» አሉኝ። በኩራት ነው የተናገሩት።

ክልከላው የስድስት ሳምንት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ስለምናውቀው ማንም አልነገራቸውም። በየስድስት ወሩ እየመጡ መሣሪያዋ ትመረመራለች፤ ስለ እጃቸው የጠየቀ የለም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ትከሻ ግን በዝምታ ይደርቃል።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ለዛሬ ተፈቅዶልዎታል» ልላቸው አሰብኩ። ይቀለኝ ነበር። አፈርኩና እውነቱን ነገርኳቸው። የልብ ምታቸውን የምትጠብቀው ነርስም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

የሰውየው እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ጆሯቸው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ግንባራቸውን ላብ ላብ አላቸው። ከክንዳቸው ሥር ሁለት ትራስ ጠቀጠቅኩና መልሼ አስገባኋቸው።

«ትንፋሽ ይሳቡ። ይያዙ።»

ነጩ ወደ ላይ ሸሸ። ፊተኛው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ብቻ ቀጭን ነጭ መስመር ቀርታለች። ወንበሬ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ መጥተው ስክሪኑን አዩና «በሕይወት አለ። ቀዶ ሕክምናው ለማክሰኞ ይያዝላቸው» አሉ። ራሳቸው ሄደው ለሰውየው ነገሯቸው።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስደርስ የሰውየው ባለቤት ሹራቡን በጭንቅላታቸው ሊያስገቡላቸው ይዘዋል። ለቅሶም ሳቅም ፊታቸው ላይ አለ። ሰውየው ግን እኔን ነው የሚያዩት።

«ስድስት ሳምንት ነው ያልሽኝ፣ ልጄ?»

«አዎ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልን።»

«አንቺማ ነገርሽኝ» አሉና ግራ እጃቸውን ተመለከቱ። «ሥራ ለምን ተውክ ሲሉኝ ልቤ ነው እል ነበር። እጄ ነበር ለካ።»

ባለቤታቸው ሹራቡን ዝቅ አደረጉት። ሰበብ ፈልጌ መውጣት አማረኝ፤ አልወጣሁም።

«በል እንግዲህ» አሉ ባለቤታቸው፤ «ራስህ ልበሰው። አራት ዓመት ስትሞላቀቅብኝ ከርመሃል።»

ሰውየው ሹራቡን ተቀበሉ። ቀኝ እጃቸው ቶሎ ገባ። ግራው መንገድ ላይ ቀረ። ልረዳቸው ስል ባለቤታቸው ክንዴን ያዙኝ፤ ሦስታችንም ግራው እጅ እስኪያልፍ ጠበቅን።