ሚኒባስ ውስጥ የተሰፋው ብርድ ልብስ

መንገድ ላይ በመስፋት ከቆሰበር እስከ ዳንግላ የሚስተካከለኝ የለም። እናቴ ዛሬ ለሠርግ ወደ አዘና፣ ነገ ለአራስ ጥየቃ ወደ ጥርባ ስለምትልከኝ ቤት አልቀመጥም፤ ለዘመድ የምሰጠውን ሁሉ የምሰፋው ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ያን ጠዋት የእህቴ ልጅ ዳንግላ ክርስትና ይነሣል። ከልብስ ሰፊ የለመንኩትን ቁርጥራጭ ገጣጥሜ የሕፃን ብርድ ልብስ ሠርቻለሁ፤ የቀረኝ ጠርዙ ብቻ ነው። "ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ባዶ እጄን አልገባም!" አልኩ። መኪናው ሲያነጥረኝ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። አጠገቤ ጎረቤታችን እማማ ዘውድነሽ ነጠላቸውን እኔ ጭን ላይ ጥለው ያንቀላፋሉ። እኔ እቴ! ቀና ሳልል ሰፋሁ። ዳንግላ መናኸሪያ ስንደርስ የመጨረሻውን ክር በጥርሴ በጠስኩ።

እማማ ሲወርዱ ብርድ ልብሴ ተከትሏቸው ሄደ።

"ኧረ እማማ! የሕፃን ስጦታ ይዘው ወዴት ነው?" ብዬ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮህኩ።

ዞረው የነጠላቸውን ጫፍ አነሱ። ከብርድ ልብሱ ጠርዝ ጋር ጥብቅ ብሎ ተሰፍቷል።

"አንቺ ቀልማዳ! ነጠላዬን ሰፍተሽ ይዘሽ እኔን ሌባ ታደርጊኛለሽ? በይ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ፍቺው፤ ልጁ ያላንቺም ክርስትና ይነሣል!"