ሸርጣኑ የጣለው ልብስ

ደብረ ብርሃን ላይ ሰው በግ ያረባል፤ የእኔ ባል ሸርጣን ያረባ ነበር። ጌታሰው የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። በተመለሰ ቁጥር የባሕር ውሃ በጀሪካን ጭኖ ይመጣና ሳሎናችን ያለውን የመስታወት ገንዳ ይሞላል። እጁን ሲነክር ሽሪምፕ የሚላቸው ባለብዙ እግር ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት ከኮራሉ ድንጋይ ላይ ወርደው ጥፍሩን ይለቅሙለታል። “ሚስትህ እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?” ስለው ይስቃል። በዚህ ብርድ ማሞቂያ የተገዛው ለእነሱ እንጂ ለእኔ እግር አይደለም።

አንድ ቀን ትልቁ ሸርጣን አሸዋው ላይ ተዘርሮ አየሁትና አውጥቼ ልጥለው ስል እጄን ያዘኝ።

“ተዪው እናናየሁ፤ አልሞተም። ልብሱን ነው የጣለው፤ ሲያድግ ይጠበዋል።”

አውጥቶ አሳየኝ። እግሩ ሁሉ አለ፤ ዓይኑ እንኳ አልጎደለም፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ፊት ለፊቱ ደህና ሆኖ ጀርባው ላይ ተሰንጥቋል።

“በጀርባው ነው የሚወጣው። አሁን ድንጋዩ ሥር ተደብቋል። ገላው እስኪጠነክር ሌሎቹ ካገኙት ይበሉታል። መብራቱን አጥፊለት፤ ደግሞ አትፈልጊው።”

ከዚያ ወዲህ ያን ገንዳ ቀና ብዬ ማየት እፈራ ነበር።

ነሐሴ ላይ ጌታሰው ጣርማበርን ወርዶ ቆላ እንደገባ ጎርፍ መኪናውን ወሰደው። ሬሳው ተፈልጎ ጠፋ። ወንድሙ ወልደኪዳን በማለዳ ዘመድ አስከትሎ በሬን ሲያንኳኳ፣ መርዶ መሆኑን ሳይነግረኝ አወቅሁ። ሬሳ ሲታጣ በልብስ ይለቀሳልና፣ ጋቢናው ውስጥ የተገኘውን ጃኬቱን ድንኳኑ መሃል ዘረጉት። ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ። እኔ ግን እንባ እንቢ አለኝ።

“አልቅሺ እንጂ እናናየሁ፤ ይውጣልሽ” አለኝ ወልደኪዳን።

ጃኬቱን ላቅፈው አነሳሁት። ዚፑ እስከ አንገቱ ድረስ እንደተዘጋ ነው። ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

“ጎርፉ ነው የቀደደው” አለ።

ተነስቼ ወደ ቤት ገባሁ። ጠዋት ጎድሎ የነበረው ገንዳ እስከ አፉ ሞልቷል። ከጓሮ በር እስከ ጓዳ ወለሉ ርሷል፤ በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስሁት፤ ጨው ነው። ሽሪምፖቹ በጓዳው በኩል ባለው መስታወት ላይ ተሰብስበው፣ እጁን ሲያዩ እንደሚያደርጉት እግራቸውን ያርገበግባሉ።

የጓዳውን በር ገፋ አደረግሁት። ከገብሱ ጆንያ ጀርባ አንድ ነጭ ነገር ከብርሃኑ ሸሸ። ትልቅ ነው፤ ከጌታሰው ይበልጣል። ፈራሁ። ቢሆንም ባሌ ነው። “ጌታሰው?” አልሁ በቀስታ።

“እናናየሁ፣ ከማን ጋር ነሽ?” ወልደኪዳን ደጃፉ ላይ ደርሷል። ሴቶቹም ተከትለውታል።

የጓዳውን መብራት አጠፋሁ፤ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ሸጎጥሁ። ከዚያ እየገፋሁ ሁሉንም ወደ ድንኳኑ መለስኋቸው። ቤቱን ማንም እንዳይፈትሽ፣ ጃኬቱ ላይ ተደፍቼ፣ እሪ ብዬ ባሌን አለቀስሁት።