አስካለች የጠየቀችኝ

በ1957 ዓ.ም. ሶዶ ውስጥ ለሰባተኛ ክፍል ታሪክ አስተምር ነበር። የጉኑኖ ገበሬ ልጅ ሆኜ ስለ ግሪክ አማልክት ማስተማሬ መጀመሪያ ላይ እኔኑ ያስቀኝ ነበር። መጽሐፋችን ስለ እነሱ የሚለው ሁለት ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ካነበብኩት እየጨመርኩ ለተማሪዎቹ እነግራቸው ነበር።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት የዴሜትርን ታሪክ ነገርኳቸው። ዴሜትር የእህል አምላክ ናት። ልጇ ፐርሰፎኔ ሜዳ ላይ አበባ ስትለቅም ምድር ተከፈተችና የሙታን ንጉሥ ሃዴስ በሠረገላ ወጥቶ ጠለፋት። እናትየው ልጇን ፍለጋ አገር ለአገር ተንከራተተች። በሐዘኗ እህል እንዳይበቅል ከለከለች፤ ሰው ተራበ። አማልክቱ ሲጨንቃቸው ልጅቱ ትመለስ አሉ። እሷ ግን እዚያ ሳለች ጥቂት የሮማን ፍሬ ቀምሳ ነበር፤ የሙታንን አገር ምግብ የቀመሰ ደግሞ ለዘለቄታው አይለቀቅም። ስለዚህ የዓመቱን ጥቂት ወራት ከባሏ፣ የቀሩትን ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተፈረደ።

«ቲቸር፣ እነዚህ ጣዖት አይደሉም እንዴ?» አለኝ አንዱ ተማሪ።

«የሚሰግድላቸው ከጠፋ ከሺህ ዓመት በላይ ሆነው» አልኩት። «ታሪካቸው ግን ዛሬም ይነገራል፤ ይሣላል፤ ይዘፈናል። ለምን ይመስላችኋል?»

አስካለች ጩማ ተነሣች። ከሠላሳ ስምንቱ ተማሪዎች ሴቶቹ አራት ነበሩ፤ አስካለች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ አቶ ጩማ በሶዶ ገበያ የታወቁ የቅቤ ነጋዴ ናቸው።

«የልጅቱ አባት ማነው?» አለች።

«ዜውስ፤ የአማልክቱ ሁሉ አለቃ።»

«ሲወስዷት የት ነበር?»

«እሱ ነው የፈቀደው» አልኳት። «ለወንድሙ ለሃዴስ ሊድራት ተስማምቶ ነበር። ለእናትየው ግን አልነገራትም።»

«ያየ ሰውስ አልነበረም?»

«ፀሐይ አይታለች፤ ለእናትየው የነገረቻትም እሷ ናት» አልኳት። ጥያቄዋ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ስለ ታሪኩ ብቻ የጠየቀች መስሎኝ ነበር።

በጥር አቶ ጩማ ወደ ቢሮ መጡ። አስካለች አክስቷ ዘንድ ሆና ልትማር ወደ ቦምቤ ስለምትሄድ መሸኛ ይጻፍልኝ አሉ። ቦምቤ ሰባተኛ ክፍል እንዳለ ሰምቼ አላውቅም። ልጅቱን ጠርቼ ላነጋግራት ይገባኝ ነበር። ግን በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ እጄንም በሁለት እጃቸው ጨብጠውኛል። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርኩና ወረቀቱን ሞልቼ ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ እናቷ ወይዘሮ ቦሼ እግራቸው አቧራ እንደለበሰ መጡ። ሃላሌ መንደር ለወንድማቸው ለቅሶ ሄደው ሲመለሱ ልጃቸውን ቤት አጡ። አባቷ ለአንድ የቦምቤ ቡና ነጋዴ፣ ሚስቱ ለሞተችበት፣ ድረዋታል፤ በዕድሜ ከአባቷ አያንስም።

«አስተማሪ ዳና፣ ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም ነበር» አልኩ። ስለ መሸኛው ቃል አልተነፈስኩም።

ብቻቸውን በእግራቸው ቦምቤ ሄዱ። ሁለት ቀን ሙሉ ከአጥሩ ውጪ ተቀምጠው በሦስተኛው ቀን ባልየው አስገባቸው። ሲመለሱ በትምህርት ቤቱ በር አልፈው ጠሩኝ።

«ነይ እንሂድ አልኳት። ‹እማ፣ ከዚህ ቤት በልቻለሁ፤ ለአስተማሪ ዳና ንገሪው› አለችኝ። ከባሏ ቤት ያልበላች ከየት ትበላ ኖሯል? ምን ማለቷ ነው?»

ገብቶኛል። ግን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

በመስከረም ያገቡ ሴቶች ልጆች ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ አስካለችም መጣች። ገበያ መሐል አገኘኋት፤ ሆዷ ገፍቷል። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«ስምንተኛ ክፍል ምን ላይ ደረሱ?» አለችኝ።

«ሮማውያን ላይ ናቸው።»

«እኔም ይህን ጊዜ…» ብላ ተወችው። ሌላ ጥያቄ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሄደች።

በኅዳር ቦምቤ ውስጥ ሦስት ቀን አምጣ ሞተች። ልጁም አልተረፈም።

ከለቅሶው በኋላ ወይዘሮ ቦሼ ትምህርት ቤት መጡ። ተማሪዎቹ ወጥተው ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና «አስካለች ለጊፋታ መጥታ የነገረችኝን የዚያችን እናት ታሪክ አንተው ንገረኝ» አሉ። በቋንቋችን፣ በወላይታቶ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።

«በየዓመቱ ትመጣላት ነበር?»

«በየዓመቱ።»

«ታድላ» አሉ።

ከዚያ በኋላ መሸሸግ አልቻልኩም። «መሸኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ሲጠይቁኝም ዋሽቻለሁ።»

«አውቃለሁ። ጩማ ያኔውኑ ነግሮኛል።»

አልረገሙኝም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝ። በጋቢ ጠቅልለው ያመጡትን የተላገ ጣውላ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ለመቃብሯ ነው።

«ስሟን ጻፍልኝ። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ቀስ ብለህ ጻፍ፤ የሚያምር ይሁን።»

ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ከዕቃ ቤት አመጣሁ። «አስካለች» ብዬ ጽፌ ብሩሹን ዳግም ቀለም ስነክር እጄን ያዙኝ።

«አሁን የምትጽፈው ምንድነው?»

«የአባቷን ስም።»

«እሱን ተወው» አሉኝ። «የቦሼ ልጅ በል።»

መቃብር ላይ እንዲህ ተብሎ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ጻፍኩት። ቀለሙ እስኪደርቅ አብረን ተቀመጥን። ከዚያ ጣውላውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ ቦምቤ መንገድ ወጡ።