ማንንም አይጠራም

ካርዱ ትዝ ያለው ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ሳለ ነው። የ«ወ» መሳቢያ ዓርብ ከሰዓት ከእሱ ጠረጴዛ ተነስቶ ወደ ታላቅ እህቱ ክፍል ሄዷል። እህቱ የመዝገበ ቃላቱ ታይፒስት ናት፤ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነበበች ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች። ዛሬ ከምሳ በፊት «ዋይታ» ላይ ትደርሳለች።

መቀመጫ ተለቆለት ነበር፤ አልተቀመጠም። ቢቀመጥ አውቶቡሱ የሚዘገይ መሰለው።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው። ለቃል ምሳሌ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ከጭንቅላት አይፈጠርም፤ በዓይን የታየ፣ በጆሮ የተሰማ ነገር ብቻ ይጻፋል። ካርዱ ግርጌ ላይ «ቦታ»፣ «ቀን»፣ «ሰሚ» የሚሉ ሦስት መስመሮች አሉ። ሰሚ የሌለው ካርድ ይጣላል፤ ካርድ የሌለው ቃል ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። ሕጉን ያወጡት ሽማግሌው ዋና አዘጋጅ ናቸው፤ በሌሉበት «አለቃ ጆሮ» ይባላሉ። ሥራው ሲጀመር አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። በአሥራ አንደኛው ዓመት የቀሩት እሳቸው፣ እሱና እህቱ ናቸው። ሌላው ወይ ጡረታ ወጥቷል፣ ወይ ሰልችቶት ሄዷል። እሱንም ሰልችቶታል፤ እጁ ግን ለምዷል። ባዶ ካርድ ሳይዝ ከቤት አይወጣም። ሸሚዝ ሲገዛ እንኳ መጀመሪያ የሚያየው የደረት ኪሱን ስፋት ነው።

ከአራት ዓመት በፊት የእህቱ አንድ ልጅ ሆስፒታል ሳለ አረፈ። ወሬው ሲደርሰው እየሮጠ ወደ ቤቷ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ድምጿን ሰማ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። እግሩ ቆመ፤ እጁ ግን ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። «የእናቲቱ ዋይታ ሦስት ቤት አልፎ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር» ብሎ ጻፈ። ቦታውንና ቀኑን ጻፈ። ሰሚ በሚለው መስመር ላይ የራሱን ስም ጻፈ። ከዚያ ገባ።

ካርዱን ሊቀደው ያሰበበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ለ«ዋይታ» ሌላ ካርድ አልተገኘም። ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አጠገቡ ቆሞ የሚጽፍ ማን አለ?

«እንዴት አደርሽ፣ እታለም?» አላት፣ የክፍሏን በር ይዞ።

«እግዜር ይመስገን። ምነው፣ ፖሊስ እያሳደደህ ነው እንዴ? ላብህን ጥረግ።»

«ያ መሳቢያ… አንዷን ካርድ ላስተካክል ነበር። ፊደል የሳትኩ መሰለኝ።»

«አንተ ፊደል ስተህ አታውቅም» አለችው፣ መነጽሯን እያወለቀች። «መዋሸትም አትችልበት። ልጅ ሆነህም ስኳር ሰርቀህ፣ አፍህን ሳትጠርግ ነበር የምትምለው።»

ካርዱ ከመሳቢያው ወጥቶ ከኪቦርዱ አጠገብ ለብቻው ተቀምጧል። አየው። እሷም ማየቱን አየች።

«ቀኑን ባትጽፍበት ኖሮ ሌላ ሴት ናት ብዬ አልፈው ነበር» አለች።

«እታለም፣ እኔ…»

«ቆይ። ያን ዕለት በመስኮት አይቼሃለሁ። በሩ ላይ እንደ ምሰሶ ተገትረህ፣ ጀርባህን ሰጥተኸኝ። ሰዉ ‹ወንድምሽ ምነው አይገባም?› ሲለኝ፣ ‹ሆደ ቡቡ ነው፤ እኔን ማየት አቅቶት ነው› አልኩ። አራት ዓመት ሙሉ ይህንን እያልኩ ኖርኩ። ለካ ስትጽፍ ኖሯል።»

ብትሰድበው በወደደ ነበር። ድምጿ ግን ብዙ ደረጃ የወጣ ሰው ድምፅ ነበር፤ ለቁጣ የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም።

«መጻፉስ ይሁን፤ ልማድ ክፉ ነው» አለች። «ፍቺውን አንብብልኝ።»

«አንብበሽው የለ?»

«በአፍህ ልስማው።»

ካርዱን አነሳ። «‹ዋይታ፦ ሞት ወይም ከባድ መከራ የደረሰበት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያሰማው የሐዘን ጩኸት። ኡኡታ ሰውን ለእርዳታ ይጠራል፤ ዋይታ ማንንም አይጠራም።›»

ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አለቃ ጆሮ «ይበል!» ያሉት ለዚያች ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«ማንንም አይጠራም?» አለች እህቱ። «በመስኮት እያየሁህ እኮ ነው የጮህኩት። አንተን ነበር የምጠራው።»

እስክሪብቶውን አውጥቶ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሊሰርዝ ጎንበስ ሲል፣ እህቱ እጇን ካርዱ ላይ ጫነች።

«ደሞ ጀመረህ! ብዕሩን አስቀምጠው። ሰሚ ብለህ ስምህን ጽፈህ የለ? እንግዲህ ቁጭ በልና ስማ።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ቀጥሎ በደረት ኪሱ ያሉትን ባዶ ካርዶች በሙሉ አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ። ኪሱ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

መናገር የጀመረችው ልጁ ካረፈበት ቀን ጠዋት ተነስታ ነው። ልጇ ውሃ ጠይቋት ሐኪሙ ከልክሏት እንደነበር፤ ንጹሕ ሸሚዝ ልታመጣለት ቤት ደርሳ፣ ሸሚዙን እየተኮሰች ሳለ ስልክ እንደተደወለ፤ ካውያውን መንቀሏን ዛሬም ድረስ እንደማታስታውስ። አታለቅስም ነበር። ደብዳቤ እንደምታነብ ሰው፣ በዝግታ ነበር የምትናገረው። እሱም እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ከትቶ ያዳምጣል።

«እናንተ!» አሉ አለቃ ጆሮ ከግድግዳው ወዲያ። «‹ወ› አላለቀም እንዴ?»

«ገና ነው፣ ጋሼ» አለ እሱ።

«ደሞ ምን ቀረ?»

እህቱን አያት። እሷ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች።

«አንድ ካርድ እንደገና ሊጻፍ ነው» አለች እሷ፣ ለሽማግሌው እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገችና፣ ከካውያው ቀጠለች።